በበጋ ለግቢ የሚሆን የውሃ ቁጠባ፦ ከቧንቧው በፊት አፈሩን

ግቢያችን አዲስ አበባ፣ አፍንጮ በር አካባቢ ነው። ስድስት ቤተሰብ አንድ ቧንቧ እንጋራለን። ከቧንቧው ጀርባ ርዝመቱ ስምንት፣ ስፋቱ አራት እርምጃ የሆነ ጓሮ አለን፤ ጎመንና ቆስጣ፣ ጤና አዳም፣ በሶብላ፣ የጥብስ ቅጠል፣ አንድ የሎሚ ዛፍና ጥግ ላይ አንድ የጌሾ እግር አሉበት። ውሃ የሚመጣው በፈረቃ ነው፤ አብዛኛውን ጊዜም ሌሊት። የካቲት ገብቶ ፀሐዩ ሲበረታ በየዓመቱ አንድ ጥያቄ ይነሳ ነበር፦ «ለሰው ያልበቃ ውሃ እንዴት ለአትክልት ይፈስሳል?» ጥያቄው ትክክል ነው። ጀሪካን ተሸክሞ ደረጃ የወጣ ሰው ውሃ መሬት ላይ ሲንጣለል አይቶ ቢከፋው አይፈረድበትም።

ጓሮውን ግን አልተውነውም፤ አሠራራችንን ለወጥን። ዛሬ በበጋ ለጓሮው የምናውለው የቧንቧ ውሃ በሳምንት ከሁለት ጀሪካን አይበልጥም። የቀረው እጣቢና ከጣሪያ የተጠራቀመ ውሃ ነው። ጎመኑም አልጠወለገም።

ስለ ውሃ ቁጠባ ሲነሳ ሁላችንም ዓይናችንን የምንጥለው ቧንቧው ላይ ነው። እኔ ግን በማንኛውም ግቢ ውስጥ ትልቁ በርሜል አፈሩ ነው ብዬ አምናለሁ። ርዝመቱና ስፋቱ አንድ ሜትር፣ ጥልቀቱ 30 ሴንቲ ሜትር የሆነ በብስባሽ የዳበረ አፈር ሁለት ጀሪካን ያህል ውሃ በቀላሉ ይይዛል፤ ለሥሩም ቀስ እያለ ይሰጠዋል። ያው መሬት ደርቆና ተደድሮ ከሆነ ግን አራት ጀሪካን ብታፈስሱበት ግማሹ ወደ ቦይ ይሄዳል፣ ሌላው ከላይ ተኝቶ በፀሐይ ይተናል። ስለዚህ የምዘረዝረው ሥራ ሁሉ ዓላማው አንድ ነው፤ ውሃው አፈር ውስጥ እንዲገባና ከገባ በኋላ እንዲቆይ ማድረግ።

ጊዜውንም ልብ በሉ። በባሕረ ሐሳብ አቆጣጠር በጋ ከታኅሣሥ 26 እስከ መጋቢት 25 ነው። ለአትክልት ግን ድርቁ የሚጀምረው ጥቅምት ላይ ዝናቡ ሲያቆም ነው፤ በየካቲትና በመጋቢት የበልግ ካፊያ ካልረዳ በቀር እስከ ግንቦት ሊዘልቅ ይችላል። ለከተማችን ውሃ የሚሰጡትን የገፈርሳን፣ የለገዳዲንና የድሬን ግድቦች የሚሞላቸው የክረምቱ ዝናብ ነው። ከአቃቂ የከርሰ ምድር ጉድጓዶችም ውሃ ይመጣል፤ ከግድቦቹ መጥቶ በሚያዝያ ከቧንቧ የምንቀዳው ግን አብዛኛው ባለፈው ክረምት የዘነበ ነው። ያ ውሃ ተጣርቶ፣ ተገፍቶና ብዙ መንገድ ተጉዞ ነው ግቢያችን የሚደርሰው። መሬት ላይ ሲፈስስ ሳየው የሚያንገበግበኝ ለዚህ ነው።

1. መጀመሪያ የሚባክነውን ውሃ አግኙ

ውሃ ባለበት ሰዓት ቧንቧዎችን ሁሉ ዝጉ፤ የጎረቤቶቻችሁንም ጨምሮ። ከዚያ ቆጣሪው ላይ ያለችውን ትንሿን የምትሽከረከር ምልክት ተመልከቱ። ሁሉም ተዘግቶ እርሷ የምትዞር ከሆነ የሆነ ቦታ ውሃ እየፈሰሰ ነው። ቁጥሩን መዝግባችሁ ከአንድ ሰዓት በኋላ እንደገና አንብቡ። ቆጣሪው የሚቆጥረው በሜትር ኪዩብ ነው፤ አንዱ ሜትር ኪዩብ 1,000 ሊትር፣ ማለትም 50 ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ነው። ፍጆታችሁ ከፍ ባለ ቁጥር የአንዱ ሜትር ኪዩብ ዋጋም ከፍ እያለ ስለሚሄድ፣ ለማንም ያልጠቀመ ፍሳሽ ሌላውንም ውሃችሁን ያስወድደዋል።

የሚንጠባጠብ ቧንቧ ካለ ስሩ ብርጭቆ አስቀምጡና ሰዓት ያዙ። 200 ሚሊ ሊትር የሚይዝ ብርጭቆ በግማሽ ሰዓት ከሞላ በቀንና በሌሊት 48 ብርጭቆ ይሆናል፤ ወደ 10 ሊትር ገደማ ማለት ነው። በሁለት ቀን አንድ ጀሪካን። ብዙ ጊዜ የሚያስፈልገው የቧንቧውን ራስ ፈትቶ ውስጡ ያለችውን ክብ ላስቲክ መቀየር ብቻ ነው። ከማንኛውም የቧንቧ ዕቃ መሸጫ ሱቅ ትገኛለች፤ የድሮዋን ይዛችሁ ሂዱ፣ ልኳ ይለያያልና። የሚንጠባጠበው ከመጋጠሚያው ከሆነ ጥርሱን በደንብ አጽድታችሁ ነጩን ቴፍሎን በሚጠብቅበት አቅጣጫ ጠምጥሙበት።

በፈረቃ ሰፈር ከዚህ ሁሉ የሚብስ አንድ ብክነት አለ። ውሃ ሌሊት ይመጣል ተብሎ ቧንቧው ተከፍቶ፣ ስሩ ጀሪካን ተደርጎ ይተኛል። ውሃው ከሌሊቱ 8 ሰዓት ላይ ይመጣና ጀሪካኑን በሁለት ደቂቃ ሞልቶ እስኪነጋ ይፈስሳል። በእኛ ግቢ አንድ ሌሊት እንዲህ ሆኖ ጠዋት ስንነሳ ከበሩ ደፍ እስከ አስፋልቱ ድረስ ረጥቦ ነበር፤ በርሜሎቹ ግን ባዶ። ከዚያ ወዲህ የምናደርገው ይህ ነው፦ የቧንቧውን ውሃ በጎማ ወደ በርሜሉ እናስገባለን፤ በርሜሉ አፍ ላይ ደግሞ ሲሞላ ራሱ የሚዘጋ ተንሳፋፊ ኳስ ያለው መዝጊያ አስገጥመናል። ሽንት ቤት ማጠራቀሚያ ውስጥ ያለው ዓይነት ነው፤ ማንኛውም የቧንቧ ሠራተኛ ይገጥመዋል። ይህን መግጠም የማይችል ሰው ቧንቧውን በጥቂቱ ብቻ ከፍቶ ስሩ ጣሳ ይድፋ። ውሃ መጥቶ ጣሳውን መምታት ሲጀምር ድምፁ ይቀሰቅሳል። እናቴ ከፕላስቲክ በርሜል በፊት በነበረው ዘመን ስትሠራበት የኖረች ዘዴ ናት፤ ዛሬም ትሠራለች።

2. አፈሩን አዘጋጁ

እዚህ ላይ ረዘም አድርጌ እጽፋለሁ፤ የቀረው ሁሉ የቆመው በዚህ ላይ ነውና።

መጀመሪያ አፈራችሁን እወቁት። አንድ ጉድጓድ የአንድ ክንድ ያህል ቆፍሩና በባልዲ ውሃ ሙሉት። ሠርጎ ሲያልቅ ድጋሚ ሙሉትና ስንት ሰዓት እንደሚቆይ እዩ። በደቂቃዎች ከጠፋ አፈሩ ውሃ አይዝም፤ ብስባሽ ይፈልጋል። ግማሽ ቀን ከቆመ ደግሞ ተጠቅጥቋል ወይም ሸክላነቱ በዝቷል፤ አሁንም መድኃኒቱ ብስባሽ ነው። ወደ ሰሜኑ ከፍታ ያለው የከተማችን አፈር ብዙውን ጊዜ ቀይ ነው፤ ወደ ቦሌና አቃቂ ወረድ ሲባል ጥቁሩ ዋልካ ይበዛል። ዋልካ በበጋ ይሰነጠቃል፤ በስንጥቁ ያፈሰሳችሁት ውሃ ሥር ሳይነካ ወደ ታች ይወርዳል። ዋልካ ያላችሁ ሰዎች ከማጠጣታችሁ በፊት ስንጥቁን በመኮትኮቻ ድፈኑት።

የመሃል ከተማ ጓሮ አንድ ሌላ ችግር አለው። የፈረሰ ቤት ጡብ፣ የሲሚንቶ ፍርፋሪና ጠጠር ከአፈሩ ጋር ተቀላቅሎ ይገኛል። እኛ ያንን ጓሮ ስንቆፍር ሦስት ማዳበሪያ ሙሉ ፍርስራሽ አውጥተናል። ከባድ ሥራ ነበር፤ ነገር ግን አንዴ ብቻ የሚሠራ ነው።

ብስባሹን ለማዘጋጀት የተለየ ወጪ የለም። የአትክልት ልጣጭ፣ የቡና አተላ፣ የወደቀ ቅጠልና የእንቁላል ቅርፊት በአንድ ጉድጓድ ጨምሩ፤ አፈር በላዩ ጣል አድርጉ፤ በየሁለት ሳምንቱ አገላብጡ። ሥጋ፣ ቅባትና የበሰለ ምግብ አትጨምሩ፤ አይጥ ይጠራል። በሦስት ወይም በአራት ወር ውስጥ ጠቁሮ፣ ፈርፍሮ የጫካ አፈር ሲሸት ደርሷል ማለት ነው። በአንድ ሜትር ካሬ ሁለት ባልዲ ያህል ከላይኛው አፈር ጋር ቀላቅሉ።

ቀጥሎ ጉዝጓዝ፤ አፈሩን በደረቅ ሣርና በቅጠል መሸፈን ማለት ነው። ከሁሉም ሥራ አንዱን ብቻ ምረጡ ብባል ይህን እመርጣለሁ። እርቃኑን ያለ አፈር በአዲስ አበባ የበጋ ፀሐይና ደረቅ ነፋስ በሁለት ቀን ውስጥ ከላይ ይደርቃል። በአራት ጣት ውፍረት የተሸፈነ አፈር ግን በሳምንቱም ጉዝጓዙን ገልጣችሁ ስትነኩት እርጥብ ነው፤ ይቀዘቅዛል፣ እጅ ላይ ይያያዛል። ይህን በእጄ ከነካሁ በኋላ ሌላ ማስረጃ አልፈለግሁም።

ለጉዝጓዝ የሚሆነውን ዕቃ በየበዓሉ መሬት ላይ ጎዝጉዘን በማግስቱ እንጥለዋለን። ለገና፣ ለጥምቀትና ለፋሲካ የተጎዘጎዘውን ቄጠማ ማለቴ ነው። በእኛ ግቢ የስድስት ቤት ቄጠማ በአንድ ማዳበሪያ ተሰብስቦ ጓሮው ላይ ይበተናል። ለሦስት ቀን ፀሐይ ላይ አድርቁት፤ ሥር ይዞ የመጣ ካለ እንዳይበቅል ይረዳል፣ እንዳይሻግትም ያደርጋል። ቄጠማ ባይኖር ገለባ፣ ደረቅ ቅጠል፣ የታጨደ ሣር ይሆናል። ሰጋቱራም ይሆናል፤ ነገር ግን በቀለም ወይም በመድኃኒት ከተቀባ እንጨት የወጣ አለመሆኑን ጠይቁ፣ ከላይ ብቻ አንጥፉት እንጂ ከአፈር ጋር አትቀላቅሉት። ሲበሰብስ ለአትክልቱ የሚያስፈልገውን ናይትሮጅን ይሻማል። የባሕር ዛፍ ቅጠል ጥሬውን ለጎመን አልመክርም፤ ሌላ ተክል እንዳያድግ የሚያግድ ባሕርይ አለው። ለመተላለፊያ መንገድ ግን ይሆናል።

ሁለት ነገር አትርሱ። አንደኛ፣ ጉዝጓዙን ከግንዱ ሦስት ጣት ያህል አርቁት፤ ተጠግቶ ከቆየ ግንዱን ያበሰብሰዋል። ሁለተኛና ዋናው፣ አፈሩ እርጥብ ሳለ ሸፍኑት። ጉዝጓዝ ያለውን እርጥበት ይይዛል እንጂ የሌለውን አያመጣም። ደረቅ አፈር ላይ ወፍራም ጉዝጓዝ ካነጠፋችሁ ያጠጣችሁትንና የመጣውን ካፊያ ከላይ ጠጥቶ ያስቀረዋል። ለዚህ ትክክለኛው ጊዜ የመስከረም መጨረሻ ነው፤ ክረምቱ ሊወጣ ሲል፣ አፈሩ እስከ ታች ጠጥቶ ሳለ። በበጋ አጋማሽ የምትጀምሩ ከሆነ መጀመሪያ በእጣቢም ቢሆን አንድ ቀን በደንብ አጠጡና በማግስቱ ሸፍኑ።

3. አጠጣጡን ለውጡ

በየቀኑ ጥቂት ጥቂት መርጨት ውሃ የሚያባክን ልማድ ነው። ከላይ ሁለት ጣት ያህል ብቻ ይረጥባል፤ ሥሩም ውሃ ፍለጋ ወደ ላይ ይመጣል፤ አንድ ቀን ስትረሱት ይጠወልጋል። ይልቁንስ በሦስት ወይም በአራት ቀን አንዴ፣ ቀስ ብሎ፣ በጥልቀት አጠጡ። ከማጠጣታችሁ በፊት ጣታችሁን እስከ ሁለተኛው አንጓ አፈሩ ውስጥ ክተቱ። እርጥበት ከተሰማችሁ ቀኑ አልደረሰም። ጎመን ቀትር ላይ ቅጠሉን ቢጥል አትደንግጡ፤ ማታ ከተነሳ ጤነኛ ነው። ጠዋት ላይም እንደጠወለገ ካገኛችሁት ነው ውሃ የጠማው።

ሰዓቱ እንደ ወሩ ይለያያል። በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊቱ ስለሚቀዘቅዝ ከጠዋቱ 1 ሰዓት እስከ 2 ሰዓት ይሻላል፤ ማታ የረጠበ ቅጠል ብርድ ይመታዋል፣ ሻጋታም ይወደዋል። ከየካቲት በኋላ ግን ከአመሻሹ 11 ሰዓት ወዲህ ማጠጣት ይሻላል፤ ውሃው ሌሊቱን ሙሉ ሳይተን ይሠርጋል። ቀትር ላይና ከሰዓት በኋላ ነፋሱ በሚነሳበት ጊዜ በፍጹም አታጠጡ።

ለዛፍ ውሃ በግንዱ ሥር አይፈስስም። ውሃ የሚጠጡት ቀጫጭን ሥሮች ያሉት ከቅርንጫፎቹ ጫፍ ትይዩ አካባቢ ነው። ከግንዱ ራቅ ብላችሁ ዙሪያውን የአንድ ስንዝር ጥልቀት ያለው ቦይ አውጡ፤ የወጣውን አፈር በውጭ በኩል እንደ ግድብ ከምሩት። ቁልቁለት ላይ ያለ ዛፍ ከሆነ ግድቡን ከታች በኩል ብቻ እንደ ግማሽ ጨረቃ አድርጉት። የእኛ ሎሚ በዚህ መንገድ በአሥር ቀን አንድ ጀሪካን ተኩል እየጠጣ ፍሬ ይሰጣል።

በጎማ ማጠጣትን ትተነዋል። ጎማችሁ ምን ያህል እንደሚያፈስስ ማወቅ ከፈለጋችሁ ጀሪካን ሙሉበትና ሰዓት ቁጠሩ። ባለ 20 ሊትሩ በሁለት ደቂቃ ከሞላ በሩብ ሰዓት 150 ሊትር ፈሰሰ ማለት ነው። በጆግ ወይም በአትክልት ማጠጫ ግን የምትሰጡትን ታውቃላችሁ።

4. ሸክላ ቅበሩ

ይህን ዘዴ የሚያውቅ ሰው በከተማችን ጥቂት ነው፤ የሚያስፈልገው ዕቃ ግን ከእኛ በላይ ያለው የለም። ያልሟሸና ቅባት ያልነካው ሸክላ ውሃ ሲሞላ በጎኑ ያዣል። ይህ ለጀበና ጉድለት ነው፤ ለአትክልት ግን በረከት ነው። አፈሩ ሲደርቅ ውሃውን ከሸክላው ይስባል፤ ሲረጥብ መሳቡን ያቆማል። ማለት ተክሉ የሚፈልገውን ያህል ብቻ ይጠጣል።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ቀጨኔ የሸክላ ሠሪዎች ሰፈር ሂዱና ከሦስት እስከ አምስት ሊትር የሚይዝ አፈ ጠባብ ገንቦ ወይም ማሰሮ ያልሟሸውን ጠይቁ። ለምን እንደፈለጋችሁት ንገሯቸው፤ ሸክላን ከእነርሱ በላይ የሚያውቅ ስለሌለ የሚያዠውን መርጠው ይሰጧችኋል። ጫፉ የተሸረፈ ወይም እጀታው የተሰበረ ቢሆንም ይሠራል፤ ዋጋውም ይቀንሳል። ታቹ ቀዳዳ ያለው የአበባ ማስቀመጫ ካላችሁ ቀዳዳውን በሲሚንቶ ድፈኑት፤ እርሱም ይሆናል።

ቤት አምጥታችሁ በውሃ ሞልታችሁ አንድ ሌሊት ደረቅ ሲሚንቶ ላይ አቁሙት። ጠዋት ጎኑ ላይ ላበት ካለውና ስሩ እርጥብ ክብ ከተወ ጥሩ ነው። ደረቅ ከሆነ ውስጡ ተለስልሷል ወይም ጭስ ጠግቧል፤ ለዚህ ሥራ አይሆንም። ከዚያ አንገቱ ብቻ ሁለት ጣት ያህል ከላይ እንዲቀር አድርጋችሁ ቅበሩት። ዙሪያውን አፈር በደንብ ጠቅጥቁ፤ አፈሩ ከሸክላው ጋር ካልተነካካ መሳብ አይችልም። ጎመኑን ወይም ቆስጣውን ከሸክላው ዙሪያ በአንድ ስንዝር ርቀት ትከሉ። አፉን በድንጋይ ወይም በሸክላ ክዳን ክደኑ፤ አለዚያ ውሃው ይተናል፣ ትንኝም ይራባበታል። በእኛ ጓሮ አራት ገንቦ ተቀብሯል፤ በየአራት ቀኑ እንሞላቸዋለን። ሳሙና የነካው ውሃ ግን በፍጹም አይገባባቸውም፤ ቀዳዳዎቹን ይደፍናል።

ሸክላ ማግኘት ያልቻለ ሰው ባለ ሁለት ሊትር ሃይላንድ ይጠቀም። ክዳኑን በጋለ መርፌ አንዴ ብቻ ብሱት፣ የጠርሙሱን ታች ቁረጡ፣ ዘቅዝቃችሁ ከግንዱ አንድ ስንዝር አርቃችሁ እስከ ግማሹ ቅበሩት። ቆሻሻ እንዳይደፍነው አንገቱ ውስጥ ቁራጭ ጨርቅ ክተቱ። ሁለቱ ሊትር በአንድ ሰዓት ካለቀ ቀዳዳው ሰፍቷል፤ ክዳን ቀይራችሁ በቀጭን መርፌ ሞክሩ። ግማሽ ቀን መፍጀት አለበት።

5. እጣቢን በዓይነቱ ለዩ

እጣቢ ሁሉ አንድ አይደለም። ይህን ያወቅሁት በሎሚው ነው። አንድ በጋ የልብስ እጣቢ በሙሉ እርሱ ሥር ስናፈስስ ቆየን። በሁለት ወር ውስጥ የቅጠሎቹ ጫፍ ቡናማ ሆኖ እንደተለበለበ ደረቀ፤ አፈሩም ላይ ነጭ ቅርፊት ወጣ። በዱቄት ሳሙና ውስጥ ያለው ጨው ነበር። ለሁለት ሳምንት በንጹሕ ውሃ አጥበን ነው ያዳነው፤ የቆጠብነውን ያህል ውሃ መልሰን አፈሰስን።

አሁን እንዲህ እንለያለን። ምስር፣ ሩዝ፣ ጎመንና ድንች የታጠበበት ውሃ ያለ ምንም ጥያቄ ለአትክልት ይውላል። ሲኒ ያለ ሳሙና የተለቀለቀበት፣ ቡና ከተፈላ በኋላ ጀበናው የታጠበበትም እንዲሁ። እንቁላል ወይም ድንች የተቀቀለበት ጨው ካልገባበት ቀዝቅዞ ይፈስሳል። ከምግብ በፊት እጅ የታጠበበት ውሃ ሳሙናው ጥቂት ስለሆነ ለዛፍ ይሆናል።

የልብስ ከሆነ የመጀመሪያውን የሳፋ ውሃ ለሽንት ቤትና ለሲሚንቶ ማጠቢያ፣ የመጨረሻውን ማለቅለቂያ ለዛፍና ለአበባ እናደርጋለን። ያንንም አንድ ቦታ ብቻ ሳይሆን እያፈራረቅን። በሳሙና ውሃ ጥሬውን የሚበላ ቅጠል አይጠጣም፤ ሰላጣ፣ ጤና አዳምና በሶብላ ማለት ነው። በረኪና የገባበት፣ የሕፃን ሽንት ጨርቅ የታጠበበትና ጥሬ ሥጋ ወይም ዶሮ የታጠበበት ውሃ ጓሮ አይደርስም። እጣቢ በዕለቱ ይፈስሳል፤ ካደረ ይሸታል።

6. ጣሪያውን ለበልጉ አዘጋጁ

አንድ ሚሊ ሜትር ዝናብ በአንድ ሜትር ካሬ ቆርቆሮ ላይ አንድ ሊትር ውሃ ነው። ርዝመቱ 6፣ ስፋቱ 5 ሜትር የሆነ ቤት 30 ሜትር ካሬ ጣሪያ አለው፤ የ10 ሚሊ ሜትር የበልግ ዝናብ 300 ሊትር ያወርድለታል። የሚረጨውንና የሚተነውን ብትቀንሱ እንኳ አንድ ባለ 200 ሊትር በርሜል ሞልቶ ይተርፋል። አዲስ አበባ በዓመት ከ1,000 ሚሊ ሜትር በላይ ዝናብ ታገኛለች፤ በዚያው ትንሽ ቤት ጣሪያ ላይ ከ30,000 ሊትር በላይ ይወርዳል ማለት ነው።

ከጥር መጨረሻ በፊት አሸንዳውን ጥረጉ። ቅጠልና አቧራ ተከማችቶ ከሆነ የመጀመሪያው ካፊያ ሞልቶ በጎን ይፈስሳል። አሸንዳ የሌለው ቤት በጠርዙ ስር የታጠፈ ቆርቆሮ በሽቦ ቢያንጠለጥል ይበቃዋል፤ ወደ በርሜሉ በኩል በጥቂቱ ያዘንብል። ከብዙ የደረቁ ቀናት በኋላ የሚመጣው ዝናብ የመጀመሪያ ደቂቃዎች ውሃ አቧራና የወፍ ኩስ ይዞ ነው የሚወርደው፤ እርሱን ወደ መሬት ልቀቁት፣ ከዚያ በርሜሉን ግፉበት። የበርሜሉን አፍ በሻሽ ጨርቅ ወጥሩና ክዳን አድርጉበት፤ ትንኝ አይራባም፣ ሕፃንም አይወድቅበትም። ይህ ውሃ ለመጠጥ አይደለም።

በክረምት በርሜል እንደማይበቃ ግልጽ ነው። ያኔ ትርፉን ወደ ጓሮው አዙሩት። እኛ በሎሚውና በጌሾው መካከል የአንድ ክንድ ጥልቀት ያለው ጉድጓድ ቆፍረን በቅጠልና በብስባሽ ሞልተነዋል፤ የአሸንዳው ትርፍ ውሃ ወደዚያ ይወርዳል። እስከ ኅዳር መጨረሻ ድረስ ሁለቱ ዛፎች ውሃ አይጠይቁንም። ጉድጓዱ ከቤቱ መሠረት ቢያንስ ሦስት ሜትር ይራቅ፤ በተለይ የጭቃ ቤት ከሆነ።

በረንዳ ላይ ለምትተክሉ

ኮንዶሚኒየም ውስጥ ያላችሁ ሰዎች አፈራችሁ ጥቂት ስለሆነ ቶሎ ይደርቃል። ትንንሽ ብዙ ዕቃ ከመደርደር ጥቂት ትልልቅ ይሻላል፤ ጎኑ የተቆረጠ ጀሪካን ጥሩ ማስቀመጫ ነው። ዕቃዎቹን አቀራርቡ፤ አንዱ ለሌላው ጥላ ይሆናል። ከስር ሳህን አድርጉ፤ የሚወርደውን ውሃ መልሶ ይጠጣዋል፣ ከታች ያለው ጎረቤት ልብስም አይረጥብም። ሬት፣ የጥብስ ቅጠልና ጤና አዳም ውሃ ቢዘገይባቸው አይሞቱም። ሰላጣና ቆስጣን ለክረምት ተዉአቸው።

ስለ መኪናና ስለ አቧራ

መኪና በጎማ አይታጠብ፤ ሁለት ባልዲና አንድ ጨርቅ ይበቃዋል። የሲሚንቶ ግቢ በመጥረጊያ ይጠረጋል እንጂ በውሃ አይገፋም። አቧራ ለማብረድ ጠዋት ጠዋት በር ላይ ውሃ የመርጨት ልማዳችንን ግን ተዉ አልልም፤ አላፊ አግዳሚው የሚተነፍሰው አቧራ ነውና። የልብሱን የመጀመሪያ እጣቢ በእጅ ርጩ። ከተቻለም በሩ ላይ አንድ ጋሪ ጠጠር አስነጥፉ፤ አቧራው ራሱ ይቀንሳል።

ሣር መትከል ለሚያስብ ሰው ምክሬ አጭር ነው። የቤት ማስጌጫ ሣር በበጋ ከማንኛውም አትክልት በላይ ውሃ ይፈልጋል። ሰርዶ ግን በበጋ ቢጫ ሆኖ ይተኛና በመጀመሪያው ዝናብ ይነሳል። ቢጫ ሲሆን ሞተ ብላችሁ ውሃ አታፍስሱበት።

ጎረቤት ካላችሁ

ቧንቧ በጋራ በሚጠቀሙበት ግቢ ይህን ሁሉ ብቻውን የሚሠራ ሰው አይሳካለትም። እኛ ጥር መግቢያ ላይ ቡና ተፈልቶ ተቀመጥንና ሦስት ነገር ተስማማን። ውሃ ሲመጣ ቅደም ተከተሉ መጠጥ፣ ምግብ፣ ልብስ፣ በመጨረሻ ጓሮ ነው። ለእጣቢ ሁለት ባልዲ ቧንቧው አጠገብ ይቀመጣል፤ እጀታው ላይ አረንጓዴ ጨርቅ የታሰረበት ሳሙና ያልነካው፣ ቀይ የታሰረበት ሳሙና የነካው ነው። ሕፃናቱ ሳይቀሩ ያውቁታል። ከጓሮው የሚቀጠፈው ጎመን ደግሞ ተካይ ማንም ይሁን በየተራ ለስድስቱ ቤት ይዳረሳል። «ለሰው ያልበቃ ውሃ» የሚለውን ጥያቄ ታነሳ የነበረችው እማማ አሁን የምስር እጣቢዋን ይዛ ስትወጣ ገንቦዎቹን አንድ በአንድ ከፍታ አይታ፣ የጎደለውን ሞልታ ነው የምትመለሰው።